ባሌ ለገና በሴስና አስፐን ሊወስደን ነው፤ እሺ ልበል?

ጠያቂ (የኦሮራዋ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምንኖረው ኮሎራዶ ነው። ባሌ የፓይለት ላይሰንሱን ያወጣው በመስከረም ነው። አሁን ለገና ሴስና 172 የሚባል ባለ አንድ ሞተር ትንሽ አውሮፕላን ተከራይቶ እኔንና ሁለቱን ልጆች ተራራ መሃል ያለችው አስፐን ከተማ ሊወስደን ቆርጧል። በመኪና አራት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። እኔ ስለ አውሮፕላን የማውቀው መስኮት ጋ መቀመጥ ብቻ ነው። «በረዶ ክንፉ ላይ ቢጋገርስ?» ስለው ሳቀብኝ። «በረዶ ከጣለ አንነሳም፤ ሰማዩ ከጠራ እንሄዳለን» አለ። ልክ ነው? ወይስ ዝም ብዬ ፈርቼ ነው?

መልስ 1 (የድሮ ጫኝ)፦
እህቴ፣ ፍርሃትሽ ልክ ነው። እዚሁ ዴንቨር በትንንሽ አውሮፕላን ዕቃ ሳመላልስ ኖሬያለሁ።

ችግሩ እኛ ሁሉንም «በረዶ» ማለታችን ነው። ደርቆ የሚወርደው በረዶ ክንፍ ላይ ብዙም አይጣበቅም። የሚያስፈራው ደመናው ነው። እዚያ ውስጥ ከዜሮ በታች ቀዝቅዞ ገና ያልረጋ ውሃ አለ፤ ክንፍ ሲነካው እዚያው ይጋገራል። ሰው አደጋው የበረዶው ክብደት ይመስለዋል። የባሰው ግን የክንፉ ቅርጽ መበላሸቱ ነው። ሴስና 172 እንዲህ ያለ ደመና ውስጥ እንዲገባ አልተፈቀደለትም።

አንድ ኅዳር ሰማዩ ጠርቶ ተነሳሁ። ሮሊንስ ፓስ የሚባለው የተራራ መሻገሪያ ጋ ስደርስ ስስ ደመና ጠበቀኝ። «ሁለት ደቂቃ ነው» ብዬ ገባሁ። የፊት መስታወቱ ነጣ። ክንፉን የሚደግፈው ብረት ላይ ጣት የሚያክል በረዶ ተጋገረ። ሞተሩን እስከ ጥግ ሰጥቼውም ከፍታዬ ይቀንሳል። ዞሬ ወደ ምሥራቅ ወረድኩ። ቦልደር ላይ በረዶው እየተላቀቀ ሲወድቅ ይሰማኝ ነበር። ከኋላዬ ሜዳና ሞቅ ያለ አየር ስለነበረ ተረፍኩ እንጂ የኔ ችሎታ አይደለም። አስፐን አጠገብ ቢሆን ከግራም ከቀኝም ተራራ ነው፤ ወዴት ትወርጃለሽ?

ደመና ባይኖርስ? አስፐን አጠገብ ያለው መሻገሪያ፣ ኢንዲፔንደንስ ፓስ፣ ከፍታው 12,095 ጫማ ነው። ሴስናው ቢበዛ 14,000 ገደማ ቢወጣ ነው፣ አራት ሰው ጭኖ ደግሞ ያነሰ። እዚያ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩ ትንፋሽ ያጥረዋል። ነፋሱ ከተራራው ጀርባ ቁልቁል ሲጎትተው የመውጣት አቅሙ አይበቃውም።

በፈረንጆች 2001 እዚያው አስፐን አንድ ጄት ሲያርፍ ወድቆ 18 ሰው አልቋል። ክንፉ በረዶ ይዞ አልነበረም። ማኮብኮቢያው ሳይታይ፣ በምሽት፣ በረዶ እየጣለ ወርዶ ነው። የሚያበሩት ደግሞ እንጀራቸው የሆነ ፓይለቶች ነበሩ።

መልስ 2 (መካኒኩ)፦
ውጭ ያደረ አውሮፕላን ከሆነ ውርጩንም አትርሱ። እንደ ብርጭቆ ወረቀት የሻከረ ስስ ውርጭ የክንፍን የማንሳት ኃይል እስከ 30 ከመቶ ይቀንሳል። እኔ በክሬዲት ካርድ እየፋቀ «ይበቃል» ብሎ ሊነሳ ያለ ሰው አስቁሜያለሁ። ሰደበኝ፤ ይሁን።

ጠያቂ፦
ማታ አነበብኩለት። ሮሊንስ ፓስ ላይ ስደርስ ሳቁን አቆመ። «ሰውዬው ስንት ዓመት አብርሯል?» ብቻ አለ። በመኪና፣ በአይዘንሃወር ዋሻ በኩል ልንሄድ ነው። አሁን የምንጨቃጨቀው ስለ ጎማው ነው። ያለቀ ነው እያልኩት «ይበቃል» ይለኛል።