ክርክር፦ በጎጃም ከተሞች የጎዳና ልመና በከተማ አስተዳደር ደንብ ይከልከል?

ነጋዴ፣ ከደብረ ማርቆስ (የመነሻ ሐሳብ)

በመናኸሪያ፣ በባንክ ደጃፍና በአስፋልት ዳር የሚካሄደው ልመና በከተማ አስተዳደር ደንብ መከልከል አለበት ብዬ አምናለሁ፤ የሚቃወመኝ ካለ ምክንያቱን ቢያስረዳኝ እወዳለሁ። ልመና ክፉ ቀንን ማሳለፊያ መሆኑ ቀርቶ መተዳደሪያ ሆኗል። ጉልበት ያለው ጎረምሳ ቀኑን ሙሉ ተሸክሞ ከሚያገኘው ይልቅ ለምኖ የሚያገኘው ከበለጠ፣ ለሥራ ምን ያነሣሣዋል? ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ የሕፃናቱ ነገር ነው። ከሱቄ ፊት ለፊት የምትቀመጥ አንዲት ሴት አለች፤ ሰኞ የታቀፈችውና ሐሙስ የታቀፈችው ሕፃን አንድ አይደሉም። ሕፃን በፀሐይና በአቧራ አስቀምጦ ሳንቲም መሰብሰብን የሚያበረታታ ሰጪ ጽድቅ ሠራሁ ሊል አይገባውም።

የቅኔ መምህር፣ ከደብረ ኤልያስ አካባቢ

ወንድሜ፣ ደንቡ ሲወጣ ማንን እንደሚይዝ አስቀድመን እንይ። ከዋሸራ እስከ ጎንጅ በጎጃም ምድር ቅኔው ተጠብቆ የቆየው ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ፣ የውሻ መከላከያ በትር ይዞ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ በሚቆም ተማሪ ነው። እኔም ያደግሁት በዚሁ ነው። ተማሪው የዕለት ቁራሹን ካገኘ ወደ ጉባኤው ይመለሳል እንጂ ገንዘብ አያከማችም። የምትሰጠው እናትም የእሷ ልጅ በሌላ አገር እንዲሁ በሰው ደጅ እንደሚቆም ታውቃለች። «ሲለምን የተገኘ ሁሉ» የሚል አንቀጽ ከጸደቀ፣ ዘመዶቹ ሩቅ ናቸውና፣ የሚከራከርለትም የለምና፣ ደንብ አስከባሪ መጀመሪያ የሚገፋው ይህንኑ ልጅ ነው።

የጤና ባለሙያ፣ ከቢቸና

እኔ ደግሞ በየቤተ ክርስቲያኑ ደጅ የተቀመጡትን ሰዎች እግር እንድትመለከቱ እለምናለሁ። በምሥራቅም በምዕራብም ጎጃም ዝሆኔ የሚባለው የእግር እብጠት ብዙ ሰው ይዟል። በሽታው ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተፈጠረ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣ እንጂ እርግማን አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ጫማ ማድረግና እግርን በሳሙና መታጠብ ይከላከለዋል፤ ገና ሲጀምር ከተደረሰበትም በየቀኑ በማጠብ፣ ቅባት በመቀባትና በፋሻ በመጠቅለል እብጠቱ ይቀንሳል።

በሥራዬ የማውቃቸው አንድ አባት መሬት አላቸው። እግራቸው ካበጠ ወዲህ በሬ መከተል ስላቃታቸው ለእኩል አራሽ ሰጡት፤ የሚደርሳቸው እህል ግን ሰኔን አይሻገርም። ስለዚህ ክረምቱን ደጀ ሰላም ይወርዳሉ። ቁስሉን በፌስታል ጠቅልለው፣ ሽታው ሌላውን እንዳያስቸግር ከነዳያኑ ፈንጠር ብለው ይቀመጣሉ። ለእግራቸው የሚሆን ጫማ ገበያ ላይ የለም፤ በልካቸው መሰፋት አለበት።

ትራኮማም እንዲሁ ነው። ክልላችን በዓለም ላይ በዚህ በሽታ ክፉኛ ከተጎዱት አካባቢዎች አንዱ ነው፤ ወደ ውስጥ የታጠፈ ሽፋሽፍት በጤና ጣቢያ በሚሠራ አጭር ቀዶ ሕክምና ሊስተካከል ሲችል፣ ሰው ዓይኑን አጥቶ በልጅ እየተመራ ይለምናል፤ መሪው ልጅም ከትምህርት ይቀራል። እነዚህን ሰዎች ከመናኸሪያ ብናባርራቸው ከአንዱ ደጅ ወደ ሌላው ደጅ ይሄዳሉ እንጂ ሌላ ምን ይሆናሉ? መድረስ የነበረብን በባዶ እግራቸው ሲያርሱ ነበር።

የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ፣ ከቡሬ

የመቅጫ ሕግ አላጣንም። የአደገኛ ቦዘኔነት መቆጣጠሪያ አዋጅ ቁጥር 384/1996 መሥራት እየቻለ መተዳደሪያው የማይታወቅን ሰው የሚመለከት ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ደግሞ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን፣ አረጋውያንንና ያለ ወላጅ የቀሩ ሕፃናትን እንዲደግፍ ያዛል። ጎጃም ላይ የላላው ይኼኛው ነው። የገጠሩ ሴፍቲኔት በ1997 ሲጀመር ምግብ በየዓመቱ የሚያጥራቸው ወረዳዎች ስለተመረጡ፣ አብዛኛው የጎጃም ወረዳ ትርፍ አምራች ነው ተብሎ ውጭ ቀረ። የከተማው በ2009 በ11 ከተሞች ሲጀመርም ከክልላችን የተካተተችው ደሴ ነበረች። ወረዳው ጤፍና በቆሎ ቢተርፈው፣ መሬት ላልደረሰው ወጣትና ጧሪ ለሌላት አሮጊት ምን ያደርግላቸዋል? የወረዳው አማካይ ምርት እነሱን ሸፍኖ ያስቀራቸዋል፤ የሚታዩት ጎዳና ሲወጡ ብቻ ነው።

ነጋዴው፣ ከደብረ ማርቆስ

የታመመ ይባረር አላልኩም፤ የቆሎ ተማሪውም በደንቡ ተለይቶ ይጠቀስ። ስለ ሕፃናቱ ግን የመለሰልኝ የለም። የዚያው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃን ከብዝበዛ እንዲጠበቅ፣ ትምህርቱንና ጤናውን የሚጎዳ ሥራም እንዳይሠራ ይደነግጋል። ማታ በሆቴል በር ሶፍት ይዞ የሚለምነውን የስምንት ዓመት ልጅ ማየት ለምደናል፤ መልመዳችን ያሳፍረኛል።

መምህርት፣ ከባሕር ዳር

ጋሼ፣ እንዳሏት ያለች ሴት እኛም ሰፈር ነበረች፤ ጠጋ ብለን ስንጠይቃት ነገሩ ሌላ ሆኖ አገኘነው። አንድ ክፍል አብረው የተከራዩ ሁለት እናቶች ናቸው። አንዷ ለልብስ አጠባ ወይም ለቀን ሥራ ስትሄድ ልጇን ለጓደኛዋ ትታ ትሄዳለች፤ በማግሥቱ ይቀያየራሉ። ሕፃን ያዘለች ሴት የሚቀጥር የለም፤ በአቅማቸው የሚከፍሉት የሕፃናት ማቆያም የለም። ደንቡ ይህችን ሴት ቢቀጣት፣ የተቀጣችው በሳምንት ሦስት ቀን በምትሠራው ሥራ ላይ ነው። የእርስዎ ጎረቤትም እንዲሁ ትሆን እንደሆነ ቢጠይቋት ጥሩ ነው።

ስለ ተለቅ ያሉት ልጆች ከእርስዎ ጋር ነኝ፤ ነገር ግን ሐምሌ 28 ቀን 2015 በክልላችን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀበት ጊዜ ወዲህ ግጭቱ ብዙ ትምህርት ቤቶችን ዘግቷል። ያስተማርኳቸውን ልጆች አስፋልት ላይ አግኝቻቸዋለሁ፤ ስሜን ጠርተው ሰላም ካሉኝ በኋላ እጃቸውን ለመዘርጋት ያፍራሉ። ወዴት ሂዱ እንበላቸው? ቅጣቱ ማታ ገንዘቡን በሚረከበው ጎልማሳ ላይ ይሁን፤ ልጁ ላይ ከሆነ ግን ሌሊቱን ፖሊስ ጣቢያ አድሮ ጠዋት ተመልሶ ይወጣል።

ነዋሪ፣ ከሞጣ

በእኛም በኩል ጁምዓ ቀን በመስጊድ በር ያለው ያው ነው። ዘካ ከሚገባቸው ስምንት ወገኖች ቀድመው የተጠቀሱት ድሆችና ምስኪኖች ናቸው፤ ጎረቤቱን የሚያውቅ ሰው ዘካውን ቤቱ ድረስ ያደርስለታል። ይህ ሲላላ ነው በሩ የሚጨናነቀው።

የቅኔ መምህሩ

ከሞጣ የተነሣው ሐሳብ ለእኛም ይሠራል። ሰበካ ጉባኤ ከሙዳየ ምጽዋቱ ጥቂት ከፍሎ በየወሩ ለደጁ ነዳያን ሳሙና፣ ፋሻና ቅባት ይግዛ፤ የጤና ጣቢያ ባለሙያም በማርያም ወይም በሚካኤል ቀን መጥቶ እግራቸውን ይይ። በእነዚያ ቀናት ሁሉም ስለሚሰበሰቡ ፈልጎ ማግኘት አያስቸግርም። ይህ ግን ከእጅ ወደ እጅ የሚሰጠውን ምጽዋት ተክቶ እንዲያስቀር አልፈልግም።

ነጋዴው

ሒሳቡ በየሦስት ወሩ በዐውደ ምሕረት ይነበብ፤ ያለዚያ ሰው አያምንም። ይህ ከሆነ የመጀመሪያውን ሳሙናና ፋሻ እኔ እችላለሁ። ልጅ አሰማርቶ የሚበላን ሰው የሚቀጣ ደንብ ግን አሁንም እጠይቃለሁ።

የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያው

በዚህኛው ደንብ እስማማለሁ። አንድ ነገር ብቻ ይታሰብበት፦ ከወለጋ ተፈናቅለው በየከተማችን የሚለምኑት ወገኖች በየትኛውም ሰበካ መዝገብ ላይ ስማቸው የለም፤ የቀበሌ መታወቂያም አብዛኞቹ አልያዙም። የእርዳታው ዝርዝር የአጥቢያ አባል በመሆን ከሆነ እነሱ እንደገና ውጭ ይቀራሉ፤ ስለዚህ በዚያ ቀን ደጁ ላይ የተገኘ ሰው ሁሉ፣ ከየት መጣህ ሳይባል፣ ይመዝገብ።