«እግዜር ያጥናችሁ» ስንል ምን እያልን ነው?

የታቦር ልጅ፦
ሰሞኑን እዚህ ሐዋሳ ሰፈራችን ለቅሶ ነበር። ጎረቤታችን እትዬ ልጃቸውን ቀበሩ። የ7 ዓመቷን የእህቴን ልጅ ይዤ ድንኳን ገባሁ። የመጣው ሁሉ ጎንበስ ብሎ «እግዜር ያጥናችሁ» እያለ ይቀመጣል። ልጅቷ ትንሽ ቆየችና ጆሮዬ ሥር «አጎቴ፣ ፈተና አላቸው እንዴ?» አለችኝ። ጥናት መስሏት ነው! ሳቄን በጋቢዬ አፈንኩት። ማታ ግን ነገሩ ከነከነኝ። ቃሉ ከጤና ነው ወይስ ከጥናት?

ቀለም ቆጣሪ፦
ከጤና አይደለም። ጤና በግእዝ «ጥዒና» ነው፤ ሥሩም «ጥዕየ»። ያንተው «ጸንዐ» ነው። በረታ፣ ጠነከረ፣ አልነቃነቅ አለ ማለት ነው። ጸ በአማርኛ አፍ ጠ ይሆናል፤ ጾም ጦም፣ ጸሎት ጠሎት እንደሚባለው። ስለዚህ ያጽናችሁም ያጥናችሁም ያው ነው። ልጅቷም ብዙ አልሳተች። «አጠና» ራሱ የዚሁ ቤት ልጅ ነው። የቆሎ ተማሪ ትምህርቱን ልቡ ውስጥ ሲተክለው አጠና ይባላል። «አጽንዖት»ም ዘመዳቸው ነው።

ባለ ንፍሮ፦
እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው። መከራውም እኮ «ይጠናል»። ሕመም ጠናበት፣ ኑሮ ጠናብን እንላለን። አባቴ ታሞ አንድ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ካርቶን አንጥፈን 11 ቀን አደርን። ከፊታችን ያለው በር «ጽኑ ሕሙማን» ይላል። ጠያቂው ደግሞ ፔርሙዙን አስቀምጦ «ጽናቱን ይስጣችሁ» ይለናል። ሕመሙም የጸና፣ እኛም እንድንጸና። አንድ ሌሊት ይህን ሳገላብጥ ነጋ። አጠገባችን ከይርጋለም የመጡ እናት ነበሩ። ጠዋት ጠዋት ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ይጸልያሉ። ምን እንደሚለምኑ ጠየቅኳቸው። «ይማርልኝ እላለሁ፤ ከዚያ ደግሞ ዛሬን ቆሜ ልዋል እላለሁ» አሉኝ። ያጥናችሁ ማለት ለእኔ ይቺ ሁለተኛዋ ልመና ናት። ሐዘኑን አንሳላቸው አይልም። እነሱ አይውደቁ ነው የሚለው።
«መጽናናት» ላይስ ና ሁለቴ የመጣው ሁለት ሰው ስለሚያስፈልገው ይሆን?

ቀለም ቆጣሪ፦
ያቺ እንኳ ታምራለች እንጂ ሰዋስው አይደግፋትም፤ ድግግሞሹ ብቻውን ሁለት ሰው አያመጣም። የመጀመሪያውን ግን እቀበላለሁ። የማቴዎስ 24፥13ን «እስከ መጨረሻ የሚጸና»ን እይ። መከራው ያልቃል አላለም። ዮሐንስ 14 ላይ መንፈስ ቅዱስ «አጽናኝ» መባሉም ከዚሁ ሥር ነው። እንባ የሚያብስ ብቻ ሳይሆን የሚያቆም ማለት ነው።

ሙሉወንጌል ሠፈር፦
እኛ ጋ «ጌታ ያጽናችሁ» ነው የሚባለው፣ በጸ። «ነፍስ ይማር» አንልም፤ ለሞተ ሰው አንጸልይም። በዚህኛው ግን ከኦርቶዶክሱ ጎረቤታችን ጋር አንድ ነን። ደግሞ የልጅቷን ፈተና አትለፏት። ሮሜ 5፥4 በ1954ቱ ትርጉም «ትዕግሥትም ፈተናን፥ ፈተናም ተስፋን» ይላል። ልጅ እያለሁ ግራ ይገባኝ ነበር። ታግሼ ታግሼ ሌላ ፈተና? የግሪኩ ቃል «ዶኪሜ» ነው። ተፈትኖ ማለፍን፣ እሳት ገብቶ የወጣ ወርቅ ዓይነት መሆንን ነው የሚለው። እዚያ ቦታ ላይ «ፈተና» የሚለው ቃል አንባቢን ያሳስታል ባይ ነኝ።

የታቦር ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁም። እትዬ ዛሬ ሱቃቸውን ከፍተዋል። ነጠላቸውን እንዳዘቀዘቁ ዳቦ ይሸጣሉ፤ መልስ ሲቆጥሩ ግን ሁለቴ ተሳሳቱ። ልጅቷን ይዤ ነበር የሄድኩት። ፈተናው ምን ዓይነት እንደሆነ በመንገድ ላይ እንደምንም አስረዳኋት። ዳቦውን ተቀብላ ቀና ብላ አየቻቸውና፣ ስንወጣ «ታዲያ ስንት አመጡ?» አለችኝ።