ጥያቄ፦ ቁስሉ ተዘግቷል፣ እጇ ግን አልዘረጋ አለ፤ ከከባድ ቃጠሎ በኋላ ቤት ውስጥ ምን እናድርግ?

ጠያቂ (ጎንደር፣ ማራኪ)

ጤና ይስጥልኝ። ታናሽ እኅቴ የ23 ዓመት ልጅ ናት። የጋዝ ምድጃ ተቀጣጥሎባት አንገቷ፣ ቀኝ ብብቷና እስከ ክርኗ ያለው ክንዷ ክፉኛ ተቃጥሎ ነበር። ከጭኗ ቆዳ ተወስዶ ተተክሎላት ከሆስፒታል ከወጣች ሁለት ወር ገደማ ይሆናታል። ብብቷ ሥር ካለች አንዲት ትንሽ ቦታ በቀር ቁስሉ ተዘግቷል።

ጠባሳው ግን እየቀላ፣ እየጠነከረ፣ ከፍ እያለ መጣ። ክንዷን ከትከሻዋ በላይ ማንሳት አቅቷታል፤ አገጯም ወደ ደረቷ እየተሳበ ነው። ስለሚያማት ሁለት ትራስ ደርበንላት፣ እጇን ደረቷ ላይ አጥፋ ነው የምትተኛው። ሌሊት ማሳከኩ እንቅልፍ ይነሳታል። ጎረቤት ሁሉ «ለጋ ቅቤ ቀቧት» ይላል። ከሁሉ የባሰው፣ ከቤት አትወጣም፤ መስታወቱን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙራዋለች፤ ክብሪት ሲጫር ስትሰማ ትንቀጠቀጣለች። ሰው ሊጠይቃት ሲመጣ ትደበቃለች። የምታውቁ በዝርዝር ንገሩን።

ፊዚዮቴራፒስቱ

ወንድሜ፣ ዛሬ ማታ ሁለቱንም ትራስ አንሱ። የተቃጠለ ሰው የሚመቸው መገጣጠሚያውን አጥፎ ሲተኛ ነው፤ ጠባሳው ደግሞ ባጠፈችው ልክ ይደርቃል። ጠባሳ እስኪበስል ከአንድ ዓመት እስከ ሁለት ዓመት ይፈጅበታል፤ እስከዚያ መሳቡን አይተውም። ቁስሉ ሲዘጋ የሐኪሙ ሥራ ይቀንስና የቤተሰቡ ይበዛል።

አተኛኘቷ እንዲህ ይሁን። በጀርባዋ ትተኛ፤ ብርድ ልብስ አጣጥፋችሁ ከትከሻዋ ሥር አስገቡ፤ ጭንቅላቷ ትንሽ ወደ ኋላ ዘንበል፣ አገጯ ቀና ይበል። ክንዷ ከጎኗ 90 ዲግሪ ያህል ይራቅ፤ አልጋው አጠገብ ወንበር አስጠግታችሁ ትራስ ጣል አድርጉበትና እዚያ ይረፍ። ትከሻዋን ወደ ኋላ አትግፉት፣ ነርቭ ይወጥራል፤ እንዲያውም ክንዷ ጥቂት ወደ ፊት ይምጣ። ጣቶቿ ከደነዘዙ ከፍታውን ቀንሱ። ክርኗ ቀጥ፣ መዳፏ ወደ ላይ።

ቀን ቀን በየሁለት ሰዓቱ ጠባሳውን ትዘርጋ። ከመዘርጋቷ በፊት ለብ ባለ ውኃ ታጥቦና ቫዝሊን ተቀብቶ ቆዳው ይለስልስ። ሐኪሟ የፈቀደላት የሕመም ማስታገሻ ካለ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ቀደም ብላ ትውሰድ። ከዚያ በጎኗ ወደ ግድግዳ ትቁምና በጣቶቿ ግድግዳውን እየረገጠች ወደ ላይ ትውጣ። ጠባሳው ተወጥሮ ሲነጣ እዚያው ከ30 እስከ 60 ሴኮንድ ትቆይ፤ ከ5 እስከ 10 ጊዜ ትድገመው። የደረሰችበትን በጠመኔ ምልክት አድርጉ።

ብዙ ቤት የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ወገቧን አጣማ ወይም ትከሻዋን ወደ ጆሮዋ ሰቅላ ከፍ ያለች ይመስላል፤ ብብቱ ግን ምንም አልተዘረጋም። ስለዚህ አንድ ሰው ትከሻዋን በመዳፉ ጫን አድርጎ ይያዝላት። ለአንገቷ ደግሞ ተቀምጣ ጣሪያውን ትይ፣ ቀጥሎ ወደ ግራ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ። አፏን ዘግታ ካየች የአንገቷ ፊት ለፊት ቆዳ በደንብ ይዘረጋል። በድንገት አትንጠቋት። ቀስ ብሎ ረጅም መያዝ ይሠራል፤ መንጨቅ ግን ቆዳውን ይሰነጥቅና እንደገና ጠባሳ ያመጣል።

የቁስል ነርስ

ቅቤውን ተዉት። ጠረን ያለው፣ ቅመም የነካው፣ ንጽሕናው የማይታወቅ ነገር ያልተዘጋው ቦታ ላይ ጀርም ይዘራል። የተቃጠለና የተተከለ ቆዳ ወዝ የሚያወጡ እጢዎቹን ስላጣ ከውጭ ቅባት ይፈልጋል፤ ሽቶ የሌለው ተራ ቫዝሊን ይበቃል። በቀን ከ3 እስከ 4 ጊዜ፣ በስሱ። ወፍራም አድርጎ መለደፍ ቆሻሻ ከመሰብሰብ በቀር ጥቅም የለውም፤ አዲሱን ከመቀባታችሁ በፊት የቀድሞው በለስላሳ ሳሙና ይታጠብ። የውኃውን ሙቀት እሷ በተቃጠለው እጇ አትለካ፣ ስሜቱ ስለቀነሰ እንደገና ትቃጠላለች። ጤነኛ ሰው በክርኑ ይሞክርላት።

ስትቀቧት እሹት። አውራ ጣታችሁን ጠባሳው ላይ አሳርፋችሁ ቀለሙ እስኪነጣ ተጫኑ፤ ከዚያ ክብ ክብ፣ ወደ ላይና ወደ ታች፣ አግድም አንቀሳቅሱ። አንድ ጊዜ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ፣ በቀን 3 ጊዜ። ጣቱ ቆዳው ላይ ከተንሸራተተ ቅባቱ በዝቷል፤ መንቀሳቀስ ያለበት ቆዳው ራሱ ነው። ውኃ ከቋጠረ ያን ቦታ አልፋችሁ እሹ፤ አታፍርጡት።

ለማሳከኩ ጥፍሯ አጭር ይሁን፣ ለቆዳዋ ቅርብ የሆነው ልብስ ጥጥ ይሁን። በማከክ ፋንታ በመዳፏ መታ መታ ታድርግ፣ ወይም በቀዝቃዛ ውኃ የራሰ ንጹሕ ጨርቅ ለጥቂት ደቂቃ ታድርግበት። እንደ ሴትሪዚን ያለ የአለርጂ መድኃኒት ሌሊት ይረዳል። ካልበቃት ሐኪም ጋባፔንቲን የሚባል የነርቭ መድኃኒት ሊያዝላት ይችላል፤ ከፋርማሲ በራሳችሁ አትጀምሩት።

ያልተዘጋችው ቦታ ቫዝሊን በተነከረ የቁስል ጨርቅ (ጎዝ) ተሸፍና በየቀኑ ትታይ። ሽታ፣ መግል፣ ዙሪያውን መጋል ወይም ትኩሳት ካለ በዚያው ቀን ሂዱ። ጸበልን በተመለከተ ብዙ ሰው ስለሚጠይቅ፦ እስክትዘጋ ድረስ ትጠጣው፣ ቁስሉ ላይ አይፍሰስ፤ መድኃኒቷንም አታቋርጥ።

ፀሐዩን አትናቁት። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ አዲስ ቆዳ በቶሎ ይጠቁርና እንደዚያው ሊቀር ይችላል። ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ብትወጣ እጅጌ ረጅም ልብስ፣ ጃንጥላ፣ አንገቷ ላይ ጠቅለል ያለ ነጠላ። የፀሐይ መከላከያ ክሬም ከተገኘ SPF 30 እና ከዚያ በላይ የሚል ይሁን፣ በየ2 ሰዓቱ ይደገም።

ጠያቂ

እግዚአብሔር ይስጥልን። ሁለት ነገር ልጨምር። የግፊት ልብስ የሚባለውን፣ ጠባሳውን ተጭኖ የሚይዘውን ጠባብ ልብስ፣ አላገኘንም፤ ልብስ ሰፊ በሚለጠጥ ጨርቅ ቢሰፋላትስ? ሌላው፣ ጾሙን አልፈታም ብላለች፤ ክብደቷ በጣም ቀንሷል።

ፊዚዮቴራፒስቱ

በግምት አይሰፋ። ልብሱ ክንዷ በየጥቂት ሴንቲሜትሩ ተለክቶ የሚሠራ ነው፤ ከላይ ጠብቆ ከታች ከላላ እጇን ያሳብጣል። በትክክል ከተሠራ በቀን 23 ሰዓት ይለበሳል፤ ላስቲኩ ስለሚዝል በየሦስት ወሩ ገደማ ይቀየራል። እስኪገኝ በላስቲክ ፋሻ ጠቅልሉ፦ ከእጇ መዳፍ ጀምሮ ወደ ላይ፣ እያንዳንዱ ዙር የበፊቱን ግማሽ እየሸፈነ፣ ከታች ጠበቅ ከላይ ላላ እያለ። የጣቶቿ ጫፍ ይታይ። ጥፍሯን ጫን አድርጋችሁ ስትለቁት በ2 ሴኮንድ ውስጥ ደሙ ካልተመለሰ ፍቱት። አንገቷን ግን በላስቲክ ፋሻ በፍጹም አትጠቅልሉ። ለአንገት ጠባሳ ላይ የሚለጠፍ ለስላሳ የሲሊኮን ሉህ አለ፤ በተዘጋ ቆዳ ላይ ብቻ፣ በቀን ከጥቂት ሰዓት ጀምሮ ቀስ በቀስ ከ12 ሰዓት በላይ እስኪደርስ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ፊዚዮቴራፒ አለ፤ የአንገትና የብብት መደገፊያ እንዲሠራላት ጠይቁ።

የሥነ ምግብ ባለሙያ

እኅትህ 55 ኪሎ ብትመዝን በቀን 80 ግራም ያህል ፕሮቲን ያስፈልጋታል። አንድ እንቁላል 6 ግራም፣ አንድ ብርጭቆ ወተት 8፣ አንድ ኩባያ የተቀቀለ ምስር 18፣ 100 ግራም የበሰለ ሥጋ 25 ገደማ አለው። ቁስሏ ስላልጨረሰ የንስሐ አባቷን አነጋግሩ፤ ለታመመ ጾም እንዲፈታ መፍቀድ የተለመደ ነው፣ ቃሉ ከእሳቸው ሲመጣም ልቧ ያርፋል። አሻፈረኝ ካለች ምስር፣ ሽንብራ፣ ባቄላና ኦቾሎኒ በየገበታው ይደራረብ፤ እስከ ቀትር የሚለውን መቆየት ግን ትተው። አንዴ ብዙ መብላት ካቃታት በትንሽ በትንሹ 5 ወይም 6 ጊዜ። ብርቱካን፣ ፓፓያና ጎመን አይጉደል።

የአእምሮ ጤና ባለሙያ

መንቀጥቀጧና መደበቋ የአደጋው ፍርሃት ነው፤ የእምነት ማነስ ወይም ስንፍና አድርጋችሁ አትዩት። ቅዠትና ድንጋጤ በመጀመሪያው ወር ብዙ ሰው ላይ ይታያል። ከወር በኋላም ከቀጠለ ሕክምና ይፈልጋል፣ ሕክምናውም ይሠራል። ለፊዚዮቴራፒ ስትወስዷት በዚያው ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍሉን አሳዩዋት። «ባልተረፍኩ» የሚል ቃል ከወጣት ግን ቀጠሮ አትጠብቁ፤ ብቻዋን አትተዉ፣ በዚያው ቀን ውሰዷት።

መስታወቱን በግድ አትገልብጡባት። መጀመሪያ ቫዝሊኑን ራሷ ክንዷ ላይ እየተቀባች ትየው፣ ትዳስሰው። ቀጥሎ አንገቷን በትንሽ የእጅ መስታወት፣ መቼ እንደሆነ እሷ መርጣ።

እሳቱንም በደረጃ። በመጀመሪያ ምድጃው ሳይለኮስ ማዕድ ቤቱ በር ላይ ከእናንተ ጋር ትቁም። ሲቀልላት ሌላ ሰው እየለኮሰ ከሩቅ ትይ። ቀጥሎ ቡና ሲፈላ ከረከቦቱ ራቅ ብላ ትቀመጥ። በየደረጃው ፍርሃቷ ከ10 ስንት እንደሆነ ጠይቋትና ወደ ግማሽ እስኪወርድ እዚያው ትቆይ። ፍርሃቱ ጫፍ ላይ ሳለ ከሸሸች በሚቀጥለው ቀን ይብስባታል፤ ስለዚህ ደረጃው ትንሽ ይሁን።

ሊጠይቃት የሚመጣውን ሰው አንተ በር ላይ ተቀበለው። አልቅሶ እንዳይገባ፣ «ምን ሆነሽ ነው? እስኪ ልየው» እንዳይል፣ አንገቷን አቅፎ እንዳይስማት ንገረው። በቀን አንድ ሁለት ሰው ይበቃል፣ እሷ የመረጠችው። መንገድ ላይ ለሚጠይቃት ደግሞ አጭር መልስ ቤት ትለማመድ፦ «ተቃጥዬ ነበር፣ እየዳንኩ ነው። እናንተ ደኅና ናችሁ?» ጥያቄውን ለእነሱ መልሳ ካለፈች ወሬው እዚያው ይቆማል። የመጀመሪያ መውጫዋ ቅዳሜ ገበያ አይሁን። ማልዳ፣ ሰው ሳይበዛ፣ ከቤት እስከ ሰፈሩ ሱቅ ደርሳ ትመለስ።

ጠያቂ

አገጯ እንዲህ እየተሳበ ከቀጠለ ቀዶ ሕክምና መቼ ነው?

የቁስል ነርስ

ብዙውን ጊዜ ጠባሳው እስኪበስል አንድ ዓመት ያህል ይጠበቃል። አፏን መዝጋት ወይም መዋጥ ካቃታት፣ ወይም የዐይኗ ሽፋን ከተሳበ ግን አይጠበቅም። ለቀጠሮው ስትሄዱ በጠመኔ ያደረጋችሁትን ምልክት ከነቀኑ ጻፉና ያዙ፤ ምልክቱ ለሁለት ሳምንት ካልጨመረ ወይም ከወረደ መጀመሪያ እሱን ተናገሩ። ከዚህ ወደ አዲስ አበባ ከተላካችሁ የካቲት 12 ሆስፒታል የቃጠሎ ክፍል አለው፤ የቆዳ ተከላውን ቀንና ዓይነት የሚገልጸውን ወረቀት ሳትይዙ አትነሱ።