እንጦጦ ዳገት ላይ የሚታፈን ባለ 650 ሲሲ ሞተር ሳይክል

የምኖረው ሱሉልታ ነው። በቪ ቅርጽ የተቀመጡ ሁለት ሲሊንደሮችና ሁለት ካርቡራተሮች (ቤንዚንን ከአየር የሚቀላቅሉ) ያሉት፣ በአየር የሚቀዘቅዝ 650 ሲሲ የጃፓን ክሩዘር (ለረጅም ጉዞ የሚመች ሞተር ሳይክል) አለኝ። የንፋስ መከላከያና የጎን ሻንጣዎች አሉት። በምቾቱ አላማውም፤ ጎጃም ድረስ ወገቤን ሳያመኝ ወስዶኛል።

ችግሩ ዳገት ነው። ከአዲሱ ገበያ ወደ እንጦጦ ስወጣ፣ በተለይ ባለቤቴ ከኋላ ስትኖር፣ ሞተሩ ይታፈናል። ቆሞ ሲሠራ ደህና ነው፤ ቤንዚን ከግማሽ በላይ ስሰጠው ግን ከመፍጠን ይልቅ ይንተፋተፋል፣ ጥቁር ጭስም ይተፋል። ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥሉት ሁለቱም ካንዴላዎች ጥላሸት ለብሰዋል። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ስወርድ ደግሞ ሌላ ሞተር የነዳሁ ይመስለኛል! 3,000 ሜትር ገደማ ላይ የአየር ግፊቱ በባሕር ወለል ካለው 70 በመቶ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ቤንዚኑ ለአየሩ በዝቷል ብዬ አምናለሁ።

የአየር ማጣሪያውንና ካንዴላዎቹን ቀየርኩ፣ ካርቡራተሮቹን አሳጠብኩ፣ ቾኩ (ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሳ ቤንዚኑን የሚያበዛው) ጨርሶ መመለሱን አረጋገጥኩ። ለውጥ የለም። የሰፈራችን መካኒክ ሚኒሞውን (ሞተሩ ቆሞ ሲሠራ የሚዞርበትን ፍጥነት) ከፍ ከማድረግ ያለፈ ነገር አላደረገም፤ የለመደው ባለ አንድ ሲሊንደር ስለሆነ አልፈርድበትም።

አሁን የቀረኝ ዋናውን ጄት፣ ማለትም ቤንዚን የምታሳልፈዋን ባለ ቀዳዳ ነሐስ፣ በአነስተኛ መተካት ነው። ከመጠን በላይ ካሳነስኩት ግን ቆላ ስወርድ ቤንዚን አንሶት ሞተሩ ይግላል። እንዲህ ያለ ሞተር በዚህ ከፍታ የምትነዱ፣ ዳገቱንም ቆላውንም እንዲችል ጄቱን በስንት ቁጥር ዝቅ አደረጋችሁት?