«ሕዋሳቱ መሠረታቸውን ለቀዋል» ሲባል «ለቀቀ» ምን ማለት ነው?

ጣና ዳር፦ እዚህ ባሕር ዳር አንድ ሐኪም የእናቴን የኩላሊት ሕመም ሲያስረዱን «የማጣሪያው ሕዋሳት መሠረታቸውን ለቀዋል» አሉ። የእናቴ ሽንት አረፋ ያወጣል፣ እግራቸውም ያብጣል። ሕዋሳቱ ለቀቁ የተባለው ቦታቸውን ትተው ነው ወይስ መያዝ የሚገባቸውን አሳልፈው?

ዘዘጌ፦ እናትዎን እግዚአብሔር ይማርልን። የተነገረው ስለ ፖዶሳይት ይመስለኛል። በአንድ ኩላሊት ውስጥ አንድ ሚሊዮን ገደማ ማጣሪያዎች ሲኖሩ፣ ፖዶሳይት የሚባሉት ባለ ብዙ እግር ሕዋሳት የማጣሪያውን ቀጫጭን የደም ሥሮች ከውጭ አቅፈው፣ ኢንተግሪን በተባለ ፕሮቲን ከሥራቸው ያለውን ስስ ገለፈት ጨብጠው ይኖራሉ። የስኳር ሕመም ወይም የደም ግፊት ሲጠናባቸው ጭብጡ ይላላል፣ አንዳንዶቹም ተላቀው ከሽንት ጋር ይወጣሉ። ስለዚህ ቦታ መተው ነው።

ባለቅኔ፦ ቃሉን አልቀበለውም። ቤት የለቀቀ ሰው ሌላ ተከራይ ይተካዋል፤ ፖዶሳይት ግን አንዴ ከበሰለ በኋላ ስለማይከፋፈል ቦታው ባዶ ይቀራል፣ የተራቆተውም ገለፈት ወደ ጠባሳ ያመራል። ግእዙ «ጠግዐ» (ተጣበቀ) እያለልን፣ «ተጠጋ» እንኳ ከእርሱ ወጥቶ ሳለ፣ «ጥግዐታቸውን አጡ» ማለት ምን ይከብዳል?

ዘዘጌ፦ መምህር፣ ከዚያው ሥር «ጥገኛ» ይወጣል፤ ዛሬ ስለ ሕዋስ ጥገኛ ሲባል የሚሰማው ተውሳክ ነው።

ባለቅኔ፦ ጥገኛ አስቀድሞ ሰው ተጠግቶ የሚኖር ማለት ነበር። የዛሬ አጠቃቀም ሥሩን አይሽረውም።

ማዶ፦ ሁለታችሁም የጠያቂውን ሁለተኛ ሐሳብ አለፋችሁት። ጣና መውጫ ላይ ካለው ከጨረጨራ ግድብ ውሃ ተለቀቀ ስንል በሩ ከቦታው አልሄደም፤ አሳለፈ እንጂ። በኩላሊትም እንዲሁ ይሆናል። በፖዶሳይት እግሮች መካከል ያለውን ክፍተት የሚዘጋው ኔፍሪን የተባለ ፕሮቲን ነው፤ ዘረ መሉ በ1998 እ.ኤ.አ. የታወቀውም በፊንላንድ በብዛት በሚታይ፣ ሕፃናት አልቡሚን (ሽንትን አረፋ የሚያስወጣውን የደም ፕሮቲን) በሽንታቸው እያፈሰሱ በሚወለዱበት ሕመም ምክንያት ነው። በሕፃናት በሚበዛው ሌላ ሕመም ደግሞ፣ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲታይ እግሮቹ ተጠፍጥፈዋል፣ ሕዋሳቱ ግን በአብዛኛው እንደ ያዙ ናቸው፤ አልቡሚን በብዛት ቢፈስም አብዛኞቹ ልጆች ፕሬድኒሶሎን በተባለ መድኃኒት ይሻላቸዋል፣ እግሮቹም ቅርጻቸውን ይመልሳሉ። አረፋው ብቻውን ሕዋሳቱ መርገፋቸውን አይናገርም። ስለዚህ ጣና ዳር፣ ሐኪሙን «ላልተዋል ወይስ ረግፈዋል?» ብለው ይጠይቁልን፤ የናሙና ምርመራ ተደርጎ ከሆነም ጠባሳ ታይቶ እንደ ሆነ ይጨምሩበት።

ባለቅኔ፦ «ላላ» ለጅማት እንጂ ለሕዋስ ሲነገር አልሰማሁም።