ያገለገለ ሃይሉክስ ዲ ፎር ዲ፦ ነዳጅ ስረግጥ ይዘገያል፣ ናፍጣም ይበላል። ከየት ልጀምር?

ጠያቂ (አዳማ)
ሰላም ወንድሞች። ያገለገለ ቶዮታ ሃይሉክስ ቪጎ ገዝቻለሁ። 2.5 ዲ ፎር ዲ (የቶዮታ የናፍጣ ሞተር)፣ ማኑዋል፣ ደብል ጋቢና፣ ፎር ባይ ፎር ነው፤ ቆጣሪው 212,000 ኪሎ ሜትር ይላል። ነዳጅ ስረግጥ ወዲያው አይታዘዝም። አንድ ሁለት ሰከንድ ዝም ይልና በአንዴ ይወረወራል፤ በተለይ በሶስተኛና በአራተኛ ማርሽ፣ ከ1,800 እስከ 2,400 ዙር ባለው። የአሰላ ዳገት ላይ ጭነት ከያዘ ጭራሽ ይቆራርጣል። ናፍጣም ይበላል፦ 60 ሊትር ቀድቼ 420 ኪሎ ሜትር ብቻ ሄደልኝ። የቼክ ኢንጅን መብራት አይበራም። የአየርና የናፍጣ ፊልትሮ ተቀይሯል፤ ለውጥ የለም። መካኒኩ አራቱም ኢንጀክተር (ናፍጣውን ወደ ሞተሩ የሚረጨው) ይቀየር ብሎኛል፣ ዋጋው ደግሞ ከባድ ነው። ከዚያ በፊት ምን ልፈትሽ?

መልስ 1፣ የናፍጣ ሞተር መካኒክ (አዳማ)
ወንድሜ፣ ኢንጀክተር ለመግዛት አትቸኩል። አራቱም ኢንጀክተር እኩል ተበላሽቶ ሚኒሞው (ነዳጅ ሳይረገጥ የሚሠራበት ዝቅተኛ ዙር) ሳይንቀጠቀጥ የሚቀርበት ጊዜ ጥቂት ነው። መጀመሪያ እነዚህን ንገረኝ፦ ታንኩ ሙሉ ሲሆንና ከግማሽ በታች ሲወርድ ልዩነት አለው? ዳገት ላይ ጭሱ ጥቁር ነው ነጭ? ጠዋት ሲነሳ ቁልፍ ያስረዝማል? ጎማው ላይ ያለው ቁጥርና በሹፌሩ በር ጠርዝ ላይ የተለጠፈው ቁጥር አንድ ነው?

ጠያቂ
ገና ቀድቼ ስወጣ ደህና ነው፤ ከግማሽ ሲወርድ ይብሳል። አሁን ስትጠይቀኝ ነው ያስተዋልኩት። ጭሱ ጥቁር ነው፣ ጭነት ሲኖር ብቻ። ጠዋት ትንሽ ያስረዝማል። ጎማው 265/70 አር16 ነው፤ በሩ ላይ ያለው 255/70 አር15 ይላል።

መልስ 1
ጥሩ፤ ሁለት የተለያየ በሽታ ነው የያዝከው። ለሁለቱ አንድ መድኃኒት አትፈልግ።

መዘግየቱን እንያዝ። ይህ ሞተር ታንክ ውስጥ ናፍጣ የሚገፋ የኤሌክትሪክ ፓምፕ የለውም። ከታንክ እስከ ሞተሩ ድረስ የሚስበው ራሱ ፖምፓው (ሞተሩ ላይ ያለው የናፍጣ ፓምፕ) ነው። ስለዚህ ከታንክ እስከ ፖምፓ ባለው መስመር ላይ ቱቦ ቢሰነጠቅ ናፍጣ ወደ ውጭ አይንጠባጠብም፣ አየር ወደ ውስጥ ይገባል። ብዙ ሰው ከስር አይቶ «ደረቅ ነው፣ ምንም የለም» የሚለው ለዚህ ነው። ታንኩ ሲጎድል የሚብሰውም ናፍጣው ከታች ስለሚሳብ ፖምፓው ጠንክሮ ስለሚስብ ነው። ታንኩ ውስጥ ያለው የመሳቢያ ብረት ዝጎ ከተበሳም ምልክቱ ይኸው ነው፦ ቀዳዳው ናፍጣ ውስጥ እስካለ ናፍጣ ይስባል፣ ከናፍጣው በላይ ሲቀር አየር ይስባል።

አፈታተሹ ቀላል ነው። ናፍጣ የሚችል፣ የውስጡ ስፋት 8 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ውስጡ የሚታይ ቱቦ 30 ሳንቲ ሜትር ግዛ። ከናፍጣ ፊልትሮው መውጫ ወደ ፖምፓው የሚሄደውን የጎማ ቱቦ ነቅለህ በዚህ ተካው፤ ጫፎቹን በፋሸታ (የቱቦ ማሰሪያ ቀለበት) እሰር። ፊልትሮው ራስ ላይ ያለውን የእጅ መግፊያ እስኪጠነክር ግፋው፣ ከዚያ አስነሳ። የመጀመሪያው አረፋ እስኪያልፍ ሁለት ደቂቃ ጠብቅ። አሁን ወደ 2,500 ዙር አውጣውና ለ30 ሰከንድ ያዝ። አረፋ እየተከታተለ ካለፈ መስመሩ አየር ይስባል። አረፋ ሳይኖር ቱቦው ወደ ውስጥ ከተጨማደደ ግን መስመሩ ታፍኗል፤ ያኔ የታንኩ ወንፊት ይወጣና ይታጠባል።

አረፋ ካየህ መነሻውን ለመለየት ንጹሕ ናፍጣ ያለበት ጀሪካን አቅርበህ የፊልትሮውን መግቢያ ከጀሪካኑ አስስብ። መኪናው ቆሞ ብቻ፣ ጀሪካኑ ከኤግዞስቱ ርቆ። አረፋው ከጠፋ ጥፋቱ ከታንክ እስከ ፊልትሮ ነው። ካልጠፋ የፊልትሮው ጎሚኒ (የጎማ ማሸጊያ) ወይም የእጅ መግፊያው ነው፤ ፊልትሮ ሲቀየር ጎሚኒው ተጣጥፎ መቅረቱ የተለመደ ነው፣ አንተም በቅርብ ነው ያስቀየርከው።

መልስ 2፣ የመኪና ኤሌክትሪክና ስካነር ባለሙያ (አዳማ)
ከላይ የተባለው ትክክል ነው። እኔ ደግሞ ኢንጀክተሩን ሳይነቅሉ እንዴት እንደሚመዝኑት ልጨምር። መብራት አለመብራቱ የብልሽት ኮድ የለም ማለት አይደለም፤ ለመብራት ያልበቃ ኮድ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ከመሪው ስር ባለው ሶኬት ስካነር (የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነብ መሣሪያ) ሰክተህ ሞተሩ በደንብ ሲሞቅ ሁለት ነገር አንብብ።

አንዱ የሬሉ (ለኢንጀክተሮቹ ናፍጣ የሚያከፋፍለው ቧንቧ) የናፍጣ ግፊት ነው። በሚኒሞ ከ30 እስከ 40 ሜጋፓስካል መካከል ይቆያል። ዋናው ግን የታዘዘውና የተገኘው ግፊት አብረው መሄዳቸው ነው። ስትረግጥ የታዘዘው ወጥቶ የተገኘው ወደ ኋላ ከቀረ ፖምፓው ናፍጣ እያጣ ነው፤ መንስኤው አየር፣ መታፈን ወይም ፖምፓው ላይ የተገጠመው መቆጣጠሪያ ቫልቭ ነው፣ ኤስ ሲ ቪ የሚባለው። ፒ1229 ወይም ፒ0627 ካገኘህ ወደ ቫልቩና ወደ ሽቦው ሂድ።

ሁለተኛው የእያንዳንዱ ኢንጀክተር የማስተካከያ ቁጥር ነው። በሚኒሞ ከ -3 እስከ +3 ውስጥ ካለ ኢንጀክተሩን ተወው። አንዱ ብቻ ከወጣ ያንን አንዱን ተመልከት። አራቱን ቀይር የሚልህ ሰው ይህን ቁጥር ያሳይህ፤ ያላሳየህን አትክፈል። ከተቀየረም የኢንጀክተሩ ራስ ላይ የተጻፈው ኮድ በስካነር ወደ ኮምፒውተሩ መግባት አለበት፣ አለበለዚያ አዲሱም ያንኳኳል፣ ያጨሳል።

መልስ 3፣ (ሀዋሳ)
ኤስ ሲ ቪ ከሆነ መግዛት አያስፈልግም፤ በካርቡራተር ማጠቢያ ስፕሬይ ይታጠባል።

መልስ 2
ወንድሜ፣ በዚህ አልስማማም። ታጥቦ ለጥቂት ጊዜ ይሠራል፤ የሚይዘው ግን ውስጡ ያለው ተንሸራታች ብረት ስለተበላ ነው፣ ያ ደግሞ በስፕሬይ አይመለስም። ከሶኬቱ በኩል ያለውን ጠመዝማዛ ሽቦም ስፕሬዩ ሊጎዳው ይችላል። የሚቀየር ከሆነ ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ የባትሪው ኔጌቲቭ ተነቅሎ ይሁን። ከመፍታትህ በፊት ዙሪያውን በደንብ እጠብ፤ የአዳማ አቧራ አንዲት ቅንጣት ከገባች ፖምፓው ያበቃለታል። ሁለቱን ብሎን ፈትተህ ግራና ቀኝ እያዞርክ ሳበው፣ በካቻቢቴ አትፈልቅቀው። የአዲሱን ጎሚኒ ንጹሕ ናፍጣ ቀብተህ አስገባና ሁለቱን ብሎን እያፈራረቅህ በ9 ኒውተን ሜትር አካባቢ አጥብቅ። ከዚያ አየሩን አውጥተህ ሞተሩ እስኪሞቅ በሚኒሞ ተወው።

መልስ 4፣ የከባድና ቀላል መኪና ጥገና ኃላፊ (አዳማ)
እኔ ስለ ናፍጣው ፍጆታ ልናገር። መጀመሪያ ሒሳቡን አስተካክል። በሩ ላይ ያለው ጎማ ከዳር እስከ ዳር 738 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ አሁን የገጠምከው 777። ልዩነቱ 5.3 በመቶ ነው። ቆጣሪው 420 ሲል መኪናው በእውነት 442 ኪሎ ሜትር ሄዷል፣ በሊትር 7 ሳይሆን 7.4። አሁንም መጥፎ ነው፤ ይህ መኪና ባዶውን በ80 እና 90 ሲነዳ በሊትር ከ10 እስከ 12 ይሄዳል። ፍጥነቱንም ልብ በል፦ 100 ሲያሳይህ እየበረርክ ያለኸው በ105 ነው። ትልቅ ጎማ ማርሹን ያከብደዋልና ዳገት ላይ ከ2,000 ዙር በታች አታስጨንቀው፣ ማርሽ ቀንስ።

ስትለካ ከማደያው ሽጉጡ በራሱ እስኪዘጋ ቅዳ፣ ደርሰህ ተመለስ፣ እዚያው ማደያ፣ እዚያው ሽጉጥ፣ እንደገና እስኪዘጋ ቅዳ። የደርሶ መልስ ጉዞ ይሁን፤ ከአዳማ ወደ አዲስ አበባ ዳገት ነው፣ መልሱ ቁልቁለት፣ አንዱን ብቻ የለካ ይሳሳታል። ነፋሱም አለ፤ የነፋስ ኃይል ማመንጫው አዳማ ላይ የተተከለው በከንቱ አይደለም።

ጥቁር ጭስ ማለት ናፍጣው ኖሮ አየሩ አነሰ ማለት ነው። ኮፈኑ ላይ አየር መሳቢያ ካለው ኢንተርኩለር አለው፤ ተርቦው (አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋው) ያሞቀውን አየር የሚያቀዘቅዝ ነው። ከተርቦ ወደ ኢንተርኩለር፣ ከዚያ ወደ ሞተር የሚሄዱትን ቱቦዎች በባትሪ ብርሃን እይ። ቀዳዳ ያለበት ቦታ የዘይት ጤዛ ይወጣበትና አቧራ ይለጠፍበታል፣ ጥቁር ጭቃ መስሎ ታገኘዋለህ። ከፋሸታው ስር ያለው ስንጥቅ ግን ሳይፈታ አይታይም። የተርቦውን መግቢያ ደፍነህ በኮምፕረሰር ከ7 እስከ 10 ፒኤስአይ ብቻ ንፋበትና ሳሙና ቀባ፤ ከዚያ በላይ አትንፋ፣ ጎሚኒ ትበትናለህ።

ተርሞስታቱንም (ለሞተሩ ማቀዝቀዣ ውሃ የሚከፍትና የሚዘጋውን) እይ፤ ረጅም መንገድ ሄደህ የሙቀት መርፌው ከመሀል በታች ከቀረ ክፍት ሆኖ ቀርቷል፣ ያልሞቀ ሞተር ናፍጣ ይበላል። በመጨረሻ፣ 15 ኪሎ ሜትር ፍሬን ብዙ ሳትይዝ ነድተህ ቁም፣ እጅህን ወደ አራቱም ቸርኬ አቅርብ። አንዱ ከሌሎቹ ለይቶ ከጋለ ፍሬኑ አይለቅም።

መልስ 1
አንድ ነገር ረስቼ ነበር፣ ይህን ሳታደርግ እንዳትተኛ። ሞተሩ ሞቆ በሚኒሞ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ክፈት። እየተቆራረጠ ጩፍ ጩፍ የሚል እስትንፋስ ካለ፣ ከክዳኑም ስር ሬንጅ የመሰለ ጥቁር ነገር ካለ የኢንጀክተሮቹ መቀመጫ የመዳብ ዋሸር ያስተነፍሳል። ጥላሸቱ ዘይት ውስጥ ይገባና የዘይቱን መሳቢያ ወንፊት ይደፍናል፣ ሞተሩ በዘይት እጦት ይያዛል። ዋሸር ርካሽ ነው፣ ሞተር ግን አይደለም።

ጠያቂ
እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ክዳኑን ከፈትኩ፣ ንጹሕ ነው። የሚታየው ቱቦ ውስጥ አረፋው እንደ ሳሙና ነበር፤ ከጀሪካን ስናስስብ ጠፋ። ታንኩ ላይ ያለው የጎማ ቱቦ ፋሸታው ስር ዙሪያውን ተሰንጥቋል። 40 ሳንቲ ሜትር አዲስ ቱቦና ሁለት ፋሸታ አስገባን፤ አሁን ሩብ ታንክ ላይም አይዘገይም። የኢንጀክተሮቹ ቁጥር ሁሉም ከ2 በታች ነው። የኢንተርኩለሩ አንዱ ቱቦም ተሰንጥቆ ነበር፣ ተቀየረ፤ ጥቁር ጭሱ ቀረ። ደርሶ መልስ ለካሁ፦ ቆጣሪው 236፣ በ1.053 ሲባዛ 248.5 ኪሎ ሜትር፣ የገባው 25.6 ሊትር፣ በሊትር 9.7። የግራው የኋላ ቸርኬ ግን ከቀኙ በጣም ይግላል። የፍሬኑን ታምቡር ላስከፍት?

መልስ 4
ከመክፈትህ በፊት ለይ። የኋላውን በክሪክ አንሳ፣ የፊት ጎማ ስር ድንጋይ አድርግ፣ ማርሹን ነጻ አውጣ፣ የግራውን ጎማ በእጅህ አዙር። ከብዶ ከዞረ የእጅ ፍሬኑን ገመድ አላላ። ነጻ ከሆነ ገመዱ ዝጓል። ካልሆነ የፍሬን አየር ማውጫዋን ብሎን ጥቂት ፍታ፤ ዘይት ፊጭ ብሎ ጎማው ከለቀቀ የፍሬን መስመሩ ዘይቱን አይመልስም። ያኔም ካልለቀቀ ታምቡሩን ክፈት፤ የተያዘ ሲሊንደር ወይም የተበጠሰ ስፕሪንግ ታገኛለህ። የፍሬን ሸራ የሚቀየር ከሆነ የግራውን ብቻ አትቀይር፣ ቀኙም አብሮ ይቀየር፤ አለበለዚያ ፍሬን ስትይዝ ወደ አንድ ጎን ይጎትትሃል።