በእርግዝና ክትትል ላይ «ለጥናት ደም ስጪ» ተባልኩ፤ ልስማማ?

ጠያቂ፦ የማራኪዋ
ሰላም ለሁላችሁ። የመጀመሪያ እርግዝናዬ ነው፣ አምስት ወር አልፎኛል። ለክትትል ስሄድ ጋዋን የለበሰች ልጅ ወረቀት ይዛ መጣች። የማስተርስ ተማሪ ናት። ነፍሰ ጡሮች ላይ ስለሚገኙ ኢንፌክሽኖች ጥናት እየሠራን ነው፣ አሁን ከክንድሽ፣ ስትወልጂ ደግሞ ከእትብቱ ትንሽ ደም እንወስዳለን አለችኝ። ደነገጥኩና «ተማክሬ እመጣለሁ» ብያት ወጣሁ። እናቴ ስትሰማ ተቆጣች። «ደም የሚያስፈልገው ላንቺ ነው፤ ደግሞ የተማሪ መማሪያ ልትሆኚ?» አለች። ባለቤቴ አንቺ እንዳልሽ ይላል። ልጄን ይጎዳብኝ ይሆን? እምቢ ብልስ ክትትሌ ላይ ፊት ይነሱኛል?

መልስ፦ የሦስት ልጆች እናት
እኔም ተጠይቄ አልፈልግም ብያለሁ። ማንም ክፉ አልተናገረኝም፣ ክትትሌም እንደ ወትሮው ቀጠለ። ስለዚህ በዚህ አትጨነቂ።

መልስ፦ አዋላጅ ነርስ
እህቴ፣ ማርያም በሽልም ታውጣሽ። ደምቢያ ጤና ጣቢያ ሠርቻለሁ፣ አሁን ጎንደር ተማሪ አሠለጥናለሁ። የልጅቷን ጥናት ስላላየሁት ግቢበት ወይም ተዪው አልልሽም። የማውቀውን ግን ልንገርሽ።

ከክንድ የሚወሰደው ብዙ ጊዜ ከአንድ ወይም ከሁለት የሻይ ማንኪያ አይበልጥም። በእርግዝና ጊዜ ደግሞ የሰውነትሽ ደም እስከ ግማሽ ገደማ ይጨምራል። የእትብቱ ደም የሚቀዳው እትብቱ ከተቆረጠ በኋላ በእንግዴ ልጁ በኩል ስለሆነ ሕፃኑ አይወጋም።

ለምን ይፈለጋል ካልሽ፣ ወባን ልውሰድልሽ። ፋልሲፓረም የሚባለው ወባ እንግዴ ልጁ ውስጥ ይደበቃል። የጣት ደም ላይ ላይታይ ይችላል። እናት ደሟ ያንሳል፣ ልጅ ክብደቱ ቀንሶ ይወለዳል። መድኃኒቱም ሌላ ጣጣ ነበረው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ለወባ የሚሰጠው ለረጅም ጊዜ ኩዊኒን ነበር። ሰባት ቀን ይዋጣል፣ ጆሮ ያስጮኻል፣ ያቅለሸልሻል። ሳይጨርሱት የሚተዉት ብዙ ናቸው። ኮአርተም የሚባለው የወባ መድኃኒት ግን በሦስት ቀን ያልቃል። የዓለም ጤና ድርጅት ኮአርተም በእነዚያ ወራትም ይሰጥ ያለው ግን እ.ኤ.አ. በ2022 ነው! ነፍሰ ጡር ከመድኃኒት ሙከራ ስለምትወጣ የሚያስተማምን መረጃ አልነበረም። መረጃው የተሰበሰበው መድኃኒቱን በመጀመሪያዎቹ ወራት ከወሰዱና እስኪወልዱ ከተከታተሏቸው ሴቶች ነው። ይህን ሳስብ ያናድደኛል። ለነፍሰ ጡር አዝነው ከጥናት ሲያወጧት፣ የሚበጃትን ሳያውቁላት ዓመታት አለፉ።

ስለዚህ ተመልሰሽ ልጅቷን ጠይቂያት። የጥናት ሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ አላችሁ ወይ በያት። ደሜ ለምን ለምን ይመረመራል? ቀሪው ይቀመጣል ወይስ ይደፋል? በሽታ ከተገኘብኝ ይነገረኛል፣ እታከማለሁ? የስምምነት ቅጹ በአማርኛ ቁጭ ብላ ታንብብልሽ። ከፈረምሽ በኋላም በፈለግሽ ጊዜ ማቋረጥ መብትሽ ነው። የምትቸኩልብሽ ከሆነ አትፈርሚ።

አደራ የምልሽ ግን ሌላ ነው። የቂጥኝ፣ የኤችአይቪና የሄፓታይተስ ቢ ምርመራ የክትትሉ አካል እንጂ የጥናት ጉዳይ አይደለም። ቂጥኝ ምንም ምልክት ሳያሳይ ጽንሱን ሊገድል ይችላል፤ በጊዜ ከተገኘ ግን በፔኒሲሊን መርፌ ይድናል። ጥናቱን እምቢ ስትዪ እነዚህንም አብረሽ እንዳትተዪ።

ለእናትሽ ደግሞ ይህን ንገሪልኝ። እ.ኤ.አ. በ1953 ደምቢያ ላይ ወባ ወደ 7 ሺህ ሰው ፈጀ። በዓመቱ፣ በ1954፣ ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጁ ተከፈተ፤ የዛሬው ዩኒቨርሲቲ መነሻው እሱ ነው። የጤና መኮንን፣ የነርስና የሳኒታሪያን (የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያ) ተማሪዎች በአንድ ቡድን ገጠር ወርደው ሕዝቡ መሀል ይማሩ ነበር። ዛሬም ተማሪዎቻችን በቡድን ይወጣሉ። እናትሽን ያዋለዷትም እዚህ አገር በእናቶች አልጋ አጠገብ ቆመው የተማሩ ሳይሆኑ አይቀሩም።

መልስ፦ ዳባቴው
እኛ ወረዳ፣ ዳባት፣ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ማን እንደተወለደ፣ ማን እንደሞተ፣ ማን አገር እንደለቀቀ ቤት ለቤት ይመዘግባል። ለምደነዋል። ጥናት የምትሠሩ ሁሉ ግን አንድ ነገር ልለምናችሁ፦ ያገኛችሁትን ለቀበሌው ሰው በሚገባው ቋንቋ ተመልሳችሁ ንገሩት።

ጠያቂ፦ የማራኪዋ
እግዜር ይስጥልኝ። ለእናቴ አነበብኩላት፣ ዝም ብላ ሰማችኝ። ሲስተር፣ ትንሽ ደም ማነስ አለብሽ ተብዬ አይረን እየወሰድኩ ነው። ታዲያ ይቻላል?

መልስ፦ አዋላጅ ነርስ
ካርድሽ ላይ ያለውን የሄሞግሎቢን ቁጥር ለልጅቷ አሳያት፤ ደም ማነስ ያለባትን ያስገቡ እንደሆነ ትነግርሻለች። የክትትል ባለሙያሽም ይወቅ። አይረኑን ከሻይም ከቡናም ጋር አትውሰጂው፣ ቢያንስ አንድ ሰዓት አራርቂው። ሰገራሽ ቢጠቁር አይግረምሽ፣ ከአይረኑ ነው።